የጥላ ሣር

ሰኔ ነው። ዝናቡ ካባራ ቆይቷል፤
ዛፉ ግን አልሰማም፣ አሁንም ያዘንባል።
ሱባ ጫካ ውስጥ ነን፣ ከሰበታ በላይ፣
እኩለ ቀን ሆኖ በማይታይ ሰማይ፤
ጽዱ ከዝግባው ጋር ትከሻ ገጥሞ፣
ሽበቱን ከየክንዱ አንዘርፍፎ ቆሞ።

እኔ ተንበርክኬ ገመድ እዘረጋለሁ፤
አንድ ሜትር በአንድ ሜትር፣
በአራት ችካል ወጥሬ ሣር እቆጥራለሁ።
ሥራዬ ነው። ለዚህ በወር ይከፈለኛል፤
እናቴ ስትሰማ፦ «ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ?
ሣር ቆጥሮ የሚኖር የት አገር ተሰምቷል?»

ይህ ሣር ያ አይደለም፣
«በሬ ሆይ» ተብሎ ገደል የሚያስገባ፣
ለዓመት በዓል ታጭዶ ሳሎን የሚገባ፤
ለክዳን አይበቃ፣ ለገበያ አይረባ።
ላም እንኳ አሽትታው ዝም ብላ ታልፋለች።
ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣
ሻንጣ ውስጥ እንዳደረ ሐር የተጨማደደ፤
ቁመቱ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም።
ወደ ላይ ማደጉን ትቶታል፤ ይሄዳል፣
በየአንጓው ሥር እየሰደደ
በረገፈው ቅጠል ላይ ይንፏቀቃል።

ፀሐይን አያውቃትም።
የሚያውቀው ፍርፋሪዋን ነው፤
ከላይኞቹ ግብር የተረፈች፣
የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ብርሃን
በቀን አንዴ፣ ለጥቂት ደቂቃ፣
ቅጠሉ ላይ ዐረፍ ትልና
ወደ ጎረቤት ታልፋለች።
በዚያችው ውሎ ያድራል።

ስሙን በአማርኛ ፈልጌ አጣሁት።
መዝገቡ ላይ ላቲን አለ፣ ረጅም፣ ጥርስ የሚያንገጫግጭ።
የጫካውን ጥበቃ፣ ኦቦ መርጋን ጠየቅኋቸው።
ጠብመንጃቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛውረው፣
«መርጋ ነው» አሉኝ።
«የእርስዎን አይደለም፣ የሣሩን ነው» ብላቸው
ሳቁ፣ ጥርስ በጎደለበት በኩል።
«እኔም የሣሩን ነው የነገርኩሽ።
በእኛ ቋንቋ ሣር መርጋ ነው።
አባቴ ከእኔ በፊት ሦስት ልጅ ቀብሮ፣
ዛፍ ብሎ ቢጠራኝ ሞት ከሩቅ ያየዋል ብሎ ፈራ፤
ሣር አለኝ፣
ሲረገጥ የሚነሣ።»

ከዚያ ወደ ቁልቁለቱ ወሰዱኝ፣
ዝግባው ወደ ተጣለበት።
ካቻምና ነው፤ በሌሊት፣ መጋዙን በጨርቅ ጠቅልለው።
ጉቶው ላይ እንጉዳይ በቅሏል፤
ሰማይም በቀዳዳው ገብቶ
መሬት ላይ ተዘርፍጧል፤ ብርሃን እንደ ልብ።
እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ።
ደግ ሆነ፣ ሣሩ ጠገበ፣ ብዬ
ገመዴን ዘረጋሁና ቆጠርኩ።
ሰርዶው፣ እሾሁ፣ ጉልበተኛው አረም፣
የፀሐይ ልጆች ሁሉ ደርሰው ተሻምተው፣
የጥላው ልጅ ብቻ ነበረ የሌለው።

ዜሮ ብዬ ጻፍኩ።
«ለዛፉስ ከሰናል» አሉ ኦቦ መርጋ፣
ጉቶው ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ሰብስበው።
የቀረውን አልጨረሱትም።

ማታ፣ አየር ጤና ከሚኒባሱ ስወርድ፣
ረዳቱ መልሴን ሲፈልግ ጎንበስ ብዬ አየሁ፤
ካልሲዬን ከቁርጭምጭሚት እስከ ላይ
ዘር ተሳፍሮበታል፤
በሚያጣብቅ ጸጉሩ ክሩን ጨብጦ፣
ሳይከፍል የመጣ መንገደኛ።
ሃያ ሰባት ነበሩ። ልማድ ሆኖብኝ ቆጠርኋቸው።

ኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ፣
ከጎረቤቴ ከእቴ ሸዋረገድ የተሰጣ አንሶላ ሥር፣
የተሰነጠቀ ባልዲ ላይ ዘራኋቸው።
እስካሁን አንዱም አልበቀለም።
አንሶላው ደርቆ የተነሣ ቀን ግን፣
ጠዋት፣ ሰርቪሱ እስኪመጣ፣
ጀርባዬን ለፀሐይዋ ሰጥቼ
ባልዲው ፊት እቆማለሁ፤
ጥላዬን እጥልበታለሁ።